ስድስት ሰርኪዩት በአንድ ቱቦ፦ የእንጨት ሥራ ቤት የሽቦ ዝርጋታ ማስታወሻ

ሳምንት 1፦ የጭነት ቆጠራ

ክፍሉ የእንጨት ሥራ ቤት ይሆናል። ግድግዳው ተለስኗል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። የብሬከር (አምፔር ሲበዛ ኃይል የሚቆርጥ ማብሪያ) ፓኔሉ በአንደኛው ጫፍ ነው፤ ማሽኖቹ የሚቀመጡት በሌላው ጫፍ ነው። በመካከላቸው 14 ሜትር አለ። ኃይሉ ነጠላ ፌዝ፣ 230 ቮልት ነው።

ስድስት ሰርኪዩት፣ ማለትም ከየራሳቸው ብሬከር የሚነሱ ስድስት መስመሮች፣ ያስፈልገኛል። በጠረጴዛ መጋዙ ሞተር ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ 13.5 አምፔር ይላል፤ ኮምፕረሰሩ 9.5፣ የሰጋቱራ መምጠጫው 7። ሁለት የሶኬት መስመሮች አሉ። ባለ 3 ኪሎ ዋት ዕቃ ሊሰካባቸው ስለሚችል እያንዳንዳቸውን 13 አምፔር ብዬ ያዝኩ። የመብራቱ መስመር ስምንት የኤልኢዲ መብራቶች ተደምረው 1.7 አምፔር ብቻ ነው። ብሬከሮቹ ለመጋዙ፣ ለኮምፕረሰሩና ለሁለቱ የሶኬት መስመሮች 16 አምፔር፣ ለመምጠጫው 10፣ ለመብራቱ 6 ናቸው።

የሽቦውን ውፍረት አይኢሲ 60364 ከሚባለው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደንብ ሠንጠረዥ ወሰድኩ። የፒቪሲ ሽፋን ያለው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ በግድግዳ ላይ በታሰረ ቱቦ ውስጥ ሲሄድ 24 አምፔር ይሸከማል ይላል። ብሬከሩ 16፣ ሽቦው 24 ነው። ከበቂ በላይ መስሎኝ ለመብራቱ ባለ 1.5፣ ለቀሩት ሁሉ ባለ 2.5 ሽቦ ወሰንኩ። ሁሉም ከቆርቆሮው ሥር በሚሄድ አንድ ባለ 25 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ ያልፋሉ።

ከሠንጠረዡ ሥር የተጻፈውን ማስታወሻ አላነበብኩም። ከዚህ በታች ያለው ችግር ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ሳምንት 2፦ መሳብ

ለእያንዳንዱ ሰርኪዩት ሦስት ሽቦ፦ ፌዝ (ሂያጁ)፣ ኒውትራል (ተመላሹ) እና ኧርዝ (ከመሬት ጋር የሚያገናኘው መከላከያ)፣ በድምሩ 18። ታናሽ ወንድሜ ከፓኔሉ በኩል ይገፋል፤ እኔ በሌላው ጫፍ የብረት መሳቢያውን እስባለሁ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ አለፈ። ሁለተኛው ላይ ተያዘ። የሳሙና ውኃ ቀባን፣ ወደ ኋላ መለስን፣ እንደገና ሳብን። በመጨረሻ ሁለታችንም በአንድ ወገን ሆነን በጉልበት አወጣነው። ግማሽ ቀን ፈጀ።

በዚያ ጉልበት መሳብ አልነበረብንም። ሽቦ ሲከብድ የሚናገረው ነገር አለ፤ ያን ጊዜ አልሰማሁትም። በማግስቱ ካሊፐር ይዤ ለካሁ። የቱቦው የውስጥ ዲያሜትር 21 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስፋቱ 346 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ባለ 2.5 ሽቦው ከነሽፋኑ 3.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንዱ 10.2 ካሬ ይይዛል። አሥራ አምስቱ ሲደመሩ 153 ይሆናሉ። ሦስቱ ባለ 1.5 ሽቦዎች 21 ካሬ ይጨምራሉ። በድምሩ 174፤ የቱቦው ግማሽ ማለት ነው። የአሜሪካው ደንብ ከሁለት በላይ ሽቦ ሲኖር ከ40 በመቶ በላይ መሙላትን ይከለክላል። ምክንያቱን በእጄ አየሁት።

ከዚያ የሽቦ ሽፋን ኤሌክትሪክ እንደማያሾልክ በሚፈትነው የኢንሱሌሽን መለኪያ በ500 ቮልት ፈተንኩ። ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው ንባብ 1 ሜጋ ኦም ነው። አምስቱ ሰርኪዩቶች ከ200 ሜጋ ኦም በላይ አነበቡ። የመጀመሪያው የሶኬት መስመር ግን በፌዝና በኧርዝ መካከል 0.3 ብቻ አሳየ። መታጠፊያው ላይ ሽፋኑ ተፍቋል ማለት ነው። የዚያን ሰርኪዩት ሦስት ሽቦ አውጥቼ ቀየርኩ፤ ከአጠገቡ የነበረ አንድ ሌላም ተቧጥጦ አገኘሁት። 56 ሜትር ሽቦ ተጣለ።

ሳምንት 3፦ ቱቦው ጋለ

ሥራውን የሚያረጋግጡልኝ ፈቃድ ያላቸው አንድ አንጋፋ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጡ። ፓኔሉን ከፍተው ከቱቦው የሚወጣውን የሽቦ እስር አዩና ጠየቁኝ።

«ስንት ሰርኪዩት ነው በዚህ ያሳለፍከው?»

«ስድስት ነው» አልኳቸው።

«ለብቻው ለሚሄደው ነው 24 የሚለው። አብረውት የሚሄዱትን ቆጠርክ? የጣሪያውንስ ሙቀት ለካህ?»

አልቆጠርኩም፤ አልለካሁምም። ኃይሉን ለሙከራ ብቻ እንዳገናኝ፣ እርሳቸውም ባሉበት እንዲሆን ተስማማን። በሁለቱ ሶኬቶችና በኮምፕረሰሩ መስመር ላይ ባለ 3 ኪሎ ዋት ማሞቂያዎች ሰካን። እያንዳንዱ በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ አምፔር በሚለካ መሣሪያ) 13 አምፔር አነበበ። የቀሩት ሦስት ሰርኪዩቶች ጠፍተዋል። በቱቦው መካከል ካለው መሳቢያ ሣጥን (ሽቦ ለመሳብ ከሚከፈተው) ውስጥ የቴርሞካፕሉን (የሙቀት መለኪያውን) ጫፍ በሽቦዎቹ መሐል አስገባን።

ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ነው። ከቆርቆሮው ሥር ያለው አየር 43 ዲግሪ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ በሽቦዎቹ መካከል 63፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 66 ዲግሪ ደረሰ። ቱቦውን በእጅ መያዝ ያስቸግር ነበር። የፒቪሲ ሽፋን ለዘለቄታው የሚፈቀድለት 70 ዲግሪ ነው። ይህ እንግዲህ ግማሾቹ ሰርኪዩቶች ብቻ ሲሠሩ ነው፤ መጋዙ ገና አልተነሳም። አንድም ብሬከር አልወደቀም፤ ማለትም ኃይሉን አልቆረጠም።

ብሬከሩ አለመውደቁ ከሁሉ በላይ አስደነገጠኝ። ባለ 16 አምፔር ብሬከር እስከ 1.13 እጥፍ፣ ማለትም 18 አምፔር ድረስ ለአንድ ሰዓት ሳይወድቅ መቆየት አለበት። በአንድ ሰዓት ውስጥ የግድ እንዲወድቅ የሚጠበቀው 1.45 እጥፍ፣ ማለትም 23 አምፔር ላይ ሲደርስ ነው። ብሬከሩ በቱቦው ውስጥ ስንት ሽቦ እንዳለና አየሩ ምን ያህል እንደሚሞቅ አያውቅም። የሚያውቀው በራሱ ውስጥ የሚያልፈውን አምፔር ብቻ ነው። የሽቦውን አቅም ከብሬከሩ በላይ አድርጎ ማስቀመጥ የዘርጊው ሥራ ነው፤ ያንን ሥራ እኔ አልሠራሁም ነበር።

ኃይሉን አጠፋን፣ ፓኔሉን ቆለፍን።

ሳምንት 4፦ እንደገና ስሌት

ሁለት ቀን ወረቀት ላይ አሳለፍኩ። መሠረቱ ቀላል ነው። በሽቦ ውስጥ የሚባክነው ሙቀት የአምፔሩ ካሬ ሲባዛ በተቃውሞው (ሽቦው የኤሌክትሪክን ፍሰት በሚገታበት መጠን፣ በኦም) ነው። ባለ 2.5 መዳብ በሜትር 7.41 ሚሊ ኦም አለው። በ16 አምፔር አንዱ ሽቦ በሜትር 1.9 ዋት ያመነጫል፤ ፌዝና ኒውትራል ሲደመሩ 3.8። አራቱ ባለ 16 አምፔር ሰርኪዩቶች በሙሉ ጭነት ሲሠሩ በእያንዳንዱ ሜትር 15 ዋት ነው። መዳቡ 70 ዲግሪ ሲደርስ ተቃውሞው በ20 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ሙቀቱም አብሮ ይጨምራል። ሙቀቱ የሚወጣው በቱቦው ግድግዳ ብቻ ነው፤ ቱቦው ደግሞ አንድ ነው። መሐል ላይ ያለው ሽቦ በጋለ ሽቦ ተከቦ ተቀምጧል።

ለዚህ ነው ሁለት ማባዣዎች ያሉት፦ አንዱ ለመጨናነቁ፣ አንዱ ለአካባቢው ሙቀት። በአይኢሲ ሠንጠረዥ ሁለት ሰርኪዩት በአንድ ቱቦ ሲሄድ 0.80፣ ሦስት 0.70፣ አራት 0.65፣ አምስት 0.60፣ ስድስት 0.57፣ ዘጠኝ ሲሆን 0.50 ነው። የመነሻው ሠንጠረዥ የተሠራው ለ30 ዲግሪ አየር ነው። ለፒቪሲ በ35 ዲግሪ 0.94፣ በ40 ዲግሪ 0.87፣ በ45 ዲግሪ 0.79፣ በ50 ዲግሪ 0.71 ይባዛል።

የእኔ ቱቦ፦ 24 × 0.57 × 0.79 = 10.8 አምፔር። 24 ብዬ የያዝኩት ሽቦ ትክክለኛ አቅሙ ይህ ነው፤ የሚጠብቀው ብሬከር ደግሞ 16 ነው።

መጀመሪያ ስሌቱን ስጀምር የአሜሪካውን ማባዣ በአይኢሲ ቁጥር ላይ አብዝቼ ነበር። ይህም ስህተት ነው። አሜሪካኖቹ የሚቆጥሩት ሰርኪዩት ሳይሆን ጭነት የሚሸከም ሽቦ ነው፦ ከ4 እስከ 6 ሽቦ 80 በመቶ፣ ከ7 እስከ 9 70፣ ከ10 እስከ 20 50 በመቶ። የመነሻ ሠንጠረዣቸውም የተለየ ነው። ከአንዱ ደንብ ግማሹን፣ ከሌላው ግማሹን መውሰድ አይቻልም፤ በአንዱ ጀምሮ በዚያው መጨረስ ነው። በሁለቱም ዘንድ ግን ኧርዝ አይቆጠርም፤ በደኅናው ጊዜ ጭነት ስለማይሸከም ሙቀት አያመነጭም።

ሙከራ አንድ፦ ሽቦውን ማወፈር። ለ16 አምፔር ብሬከር የሚያስፈልገው የሠንጠረዥ ቁጥር 16 ÷ (0.57 × 0.79) = 35.5 ነው። ባለ 4 ሽቦ 32 ስለሚል አይበቃም፤ ባለ 6 ሽቦ 41 ይላል። ስለዚህ አራቱን ባለ 6፣ መምጠጫውን ባለ 2.5፣ መብራቱን ባለ 1.5 አድርጌ ደስ ብሎኝ ተነሳሁ። ባለሙያው ግን የማስታወሻውን ቀጣይ መስመር አሳዩኝ። የ0.57 ማባዣ የሚሠራው ሽቦዎቹ ተቀራራቢ ውፍረት ሲኖራቸው፣ ማለትም በሦስት ተከታታይ መጠኖች ውስጥ ሲወድቁ ነው። 1.5፣ 2.5፣ 4 እና 6 አራት ደረጃ ናቸው። እንዲህ ሲሆን ማባዣው 1 ለሰርኪዩቶቹ ቁጥር ስኩዌር ሩት ሲካፈል ነው፤ ለስድስት 0.41። እንግዲህ ባለ 6 ሽቦው 41 × 0.41 × 0.79 = 13.3 አምፔር ብቻ ሆነ። እንደገና ከ16 በታች። ባለ 10 ላድርገው ብል 57 × 0.41 × 0.79 = 18.5፤ ይበቃል። ነገር ግን አሁን ባለ 1.5 የመብራት ሽቦው 5.7 ላይ ወርዶ ከ6 አምፔር ብሬከሩ በታች ሆነ። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል።

ባለ 10 ሽቦውስ ቢሆን? ለአራቱ ሰርኪዩቶች ፌዝና ኒውትራል ብቻ 112 ሜትር፣ በክብደት 10 ኪሎ ግራም መዳብ ነው። ባለ 25 ሚሊ ሜትሩ ቱቦም አይበቃውም።

ሙከራ ሁለት፦ የሽቦውን ቁጥር መቀነስ። ለሁሉም አንድ የጋራ ኧርዝ ብሄድስ? ይፈቀዳል፤ ውፍረቱ ለትልቁ ሰርኪዩት የሚበቃ ከሆነ። በመጀመሪያው እቅድ ሽቦው ከ18 ወደ 13 ይወርዳል፤ የቱቦው ሙላት ከ50 ወደ 36 በመቶ ገደማ። ከ40 በታች ነው፤ በቀላሉ ይሳባል። ሙቀቱ ግን ቅንጣት አልቀነሰም፤ የወጡት ሽቦዎች ሙቀት የማያመነጩት ናቸው። እዚህ ላይ ነው ሁለቱን ጉዳዮች ለያይቼ ማየት የቻልኩት። ሽቦው በቱቦው ውስጥ መግባቱ ሌላ ነው፤ በውስጡ ሆኖ ጭነቱን መሸከሙ ሌላ ነው። ለመግባቱ የሚጠየቀው ስፋት ነው፤ ለመሸከሙ ሙቀት። አንዱን ፈተና ያለፈ ሌላውንም አልፏል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው «ቱቦው ገና ቦታ አለው» እያለ ሽቦ የሚጨምረው ይህን ባለመለየቱ ይመስለኛል፤ እኔም አንዱ ነበርኩ።

ወንድሜ «ኧርዙ የጋራ ከሆነ ኒውትራሉንም አንድ እናድርገው» አለ። አይሆንም። በነጠላ ፌዝ የሁለቱ ሰርኪዩት አምፔር በኒውትራሉ ላይ ይደመራል፤ 13 እና 13 ሲሆኑ 26 አምፔር በአንድ ባለ 2.5 ሽቦ ያልፋል፣ የትኛውም ብሬከር አያየውም። ሁለተኛ ሐሳቡ ፌዞቹን ሁሉ በአንድ ቱቦ፣ ኒውትራሎቹን ሁሉ በሌላ ቱቦ መለየት ነበር። ለዓይን ያምራል፤ ግን ይህም አይሆንም። የአንድ ሰርኪዩት ሂያጅና ተመላሽ አብረው ሲሄዱ መግነጢሳዊ መስካቸው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሲለያዩ መስኩ ይቀራል፤ ቱቦው ብረት ከሆነ ራሱ ቱቦው ይግላል። የአንድ ሰርኪዩት ሽቦዎች ሁሉ በአንድ ቱቦ ይሄዳሉ፤ አይለያዩም።

ሙከራ ሦስት፦ 90 ዲግሪ የሚችል፣ ኤክስኤልፒኢ የተባለ የፕላስቲክ ሽፋን ያለው ሽቦ። ባለ 2.5 ሽቦው 31 አምፔር ይላል፤ በ45 ዲግሪም ማባዣው ከፒቪሲ ይሻላል። ነገር ግን የብሬከሩና የሶኬቱ ማሰሪያዎች (ሽቦው የሚታሰርባቸው ቦታዎች) የተሠሩት ለ70 ዲግሪ ነው። ሽቦው ቢችል እንኳ ሙቀቱን ወደ ማሰሪያው ይዞ ይሄዳል። ተውኩት።

ሳምንት 5፦ ቱቦውን ማውረድና መክፈል

መልሱን ያገኘሁት ሽቦውን ትቼ ቴርሞሜትሩን ይዤ ክፍሉን ስዞር ነው። በቀትር ከቆርቆሮው ሥር 43 ሲሆን፣ በግድግዳው ላይ በ1.5 ሜትር ከፍታ 33 ዲግሪ ብቻ ነበር። አንዳንድ ቀን የበለጠ ሊሞቅ ስለሚችል ላይኛውን 45፣ ታችኛውን 35 አድርጌ ያዝኩ። ማባዣው ከ0.79 ወደ 0.94 ወጣ።

ከዚያ ሰርኪዩቶቹን በሦስት ቱቦ ከፈልኩ፤ በእያንዳንዱ ሁለት። ከፍዬ እዚያው ጣሪያው ሥር ብተዋቸውስ? 24 × 0.80 × 0.79 = 15.2። ከ16 በጥቂቱ ይጎድላል። ሳልከፍል ስድስቱንም ወደ ግድግዳው ባወርዳቸውስ? 24 × 0.57 × 0.94 = 12.9። አይበቃም። ሁለቱን አንድ ላይ፦ 24 × 0.80 × 0.94 = 18 አምፔር። በቂ ነው፤ በዚያው በባለ 2.5 ሽቦ።

አጣማመሩን አሰብኩበት። መጋዙና መምጠጫው ሁልጊዜ አብረው ስለሚሠሩ በአንድ ቱቦ አላደርጋቸውም። መጋዙ ከመብራቱ ጋር ይሄዳል። አንድ ሽቦ በቡድን ውስጥ ካለው አቅም ከ30 በመቶ በላይ የማይሸከም ከሆነ ለሌሎቹ ሲሰላ ላይቆጠር ይችላል። የመብራቱ ሽቦ አቅም 17.5 × 0.80 × 0.94 = 13.2 ነው፤ 30 በመቶው 3.9፤ ጭነቱ 1.7። ስለዚህ መጋዙ ብቻውን እንደሚሄድ መቁጠር እችል ነበር። ቢሆንም 0.80ውን አልተውኩትም፤ ወደፊት መብራት ልጨምር እችላለሁ። መምጠጫው ከመጀመሪያው የሶኬት መስመር፣ ኮምፕረሰሩ ከሁለተኛው ጋር ሆኑ።

ባለ 20 ሚሊ ሜትር ሦስት ቱቦዎች ተጠቀምኩ። በመካከላቸው 50 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተውኩ፤ ከዲያሜትራቸው ሁለት እጥፍ በላይ ስለሆነ አንዱ ሌላውን አያሞቅም። ተጠጋግተው ቢታሰሩ መክፈሌ ትርጉም አይኖረውም ነበር። በእያንዳንዱ ውስጥ አምስት ሽቦ አለ፦ ሁለት ፌዝ፣ ሁለት ኒውትራል፣ አንድ የጋራ ኧርዝ። ሙላቱ 22 በመቶ ገደማ ነው። በሁለት መሳቢያ ሣጥኖች መካከል ከሁለት መታጠፊያ በላይ አላደረግሁም። ሦስቱንም በአንድ ረፋድ፣ ያለ ሳሙና ውኃ ሳብን።

ኪሳራው ይኸው፦ መንገዱ ከ14 ወደ 19 ሜትር ረዘመ። የድሮዎቹ ሽቦዎች ስለሚያጥሩና በቱቦ ውስጥ መቀጠል ስለማይፈቀድ ከሣጥኑ ወደ ማሽኖቹና ወደ ሶኬቶቹ ለሚሄዱት ቅርንጫፎች አዋልኳቸው። አዲስ 285 ሜትር ሽቦ ገባ፤ መዳቡ በሙሉ 6 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የአራት ቀን ሥራ ተደገመ።

መንገዱ ስለረዘመ የቮልቴጅ መውደቁንም አሰላሁ። ባለ 2.5 ሽቦ ሂዶ ሲመለስ በአምፔር በሜትር 18 ሚሊ ቮልት ይጥላል። ለመጋዙ ከነቅርንጫፉ 25 ሜትር፦ 18 × 13.5 × 25 = 6075 ሚሊ ቮልት፣ ማለትም 6.1 ቮልት፣ 2.6 በመቶ። ከመብራት ውጭ ላሉ ጭነቶች የሚመከረው ወሰን 5 በመቶ ነው።

ሳምንት 6፦ ዳግም ሙከራ

ኢንሱሌሽን፦ ስድስቱም ከ200 ሜጋ ኦም በላይ።

ሙቀት፦ በኮምፕረሰሩና በሁለተኛው ሶኬት መስመር ላይ እንደ በፊቱ 13፣ 13 አምፔር፤ በዚያው ከቀትር በኋላ ባለው ሰዓት። የግድግዳው አየር 33 ዲግሪ። ከሁለት ሰዓት በኋላ በሽቦዎቹ መካከል 47። ሦስተኛውን ማሞቂያ በሌላው ቱቦ ላይ ስንጨምር ንባቡ አልተነቃነቀም።

ባለሙያው ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ አጥብቀው ፈረሙልኝ። ከመሄዳቸው በፊት በፓኔሉ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ወረቀት እንድለጥፍ ነገሩኝ። እንዲህ ጻፍኩ፦

«ቱቦ 1፦ መጋዝና መብራት። ቱቦ 2፦ መምጠጫና ሶኬት ሀ። ቱቦ 3፦ ኮምፕረሰርና ሶኬት ለ። በ35 ዲግሪ፣ በአንድ ቱቦ ሁለት ሰርኪዩት ተብሎ ተሰልቷል። ቦታ ያለ ቢመስልም ሦስተኛ አይጨመር፦ 24 × 0.70 × 0.94 = 15.8። ብሬከሩ 16 ነው።»